ሦስት ወረቀቶች፣ አንድ መምህር፦ ስለ ሥራ መዘርዝር፣ ስለ ምዘና እና ስለ ኢንሴንቲቭ የቀረበ ሂስ

ሂስ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ልብ ወለድ፣ ግጥም ወይም ድራማ ነው። ዛሬ ግን ሂስ የምናቀርበው ማንም ደራሲ ስሙን ባልጻፈባቸው፣ ሆኖም በካኩማ የሚያስተምር ስደተኛ መምህር ሁሉ በሚያውቃቸው ሦስት ወረቀቶች ላይ ነው። አንደኛው ሥራ ስንጀምር የምንፈርምበት የሥራ መዘርዝር ነው። ሁለተኛው በተርሙ መጨረሻ የሚሞላልን የአፈጻጸም ምዘና ቅጽ ነው። ሦስተኛው የወሩ ኢንሴንቲቭ የሚገለጽበት ወረቀት ነው። የማንንም ድርጅት ስም አናነሳም፤ ቅጾቹ ስለሚመሳሰሉ ነገሩ የአንድ ቢሮ ጉዳይ አይደለም። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ እንገልጻለን።

ነገራችን ባጭሩ ይሄ ነው፦ ሦስቱ ወረቀቶች ስለ አንድ ሰው የተጻፉ አይመስሉም። የመጀመሪያው እንደ ሙሉ ሠራተኛ ያዘናል። ሁለተኛው እንደ ሙሉ ሠራተኛ ይቆጣጠረናል። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ ግን በጎ ፈቃደኛ ሆነን እንገኛለን። አንድ ደራሲ ገጸ ባሕርዩን በምዕራፍ አንድ መምህር፣ በምዕራፍ ሁለት መምህር፣ በምዕራፍ ሦስት ደግሞ እግረ መንገዱን የሚረዳ ሰው ቢያደርገው ሃያሲ ዝም አይለውም። እኛም ዝም አንልም።

1. የሥራ መዘርዝሩ

የሥራ መዘርዝር ጥሩ ነገር ነው። መምህሩ ምን እንደሚጠበቅበት ያውቃል፣ አለቃውም ከዚያ ውጪ ሲያዝ የሚቆምበት መስመር አለው። ስለዚህ ለምን ተጻፈ አንልም። የምንለው፣ የተጻፈው ግማሹ ብቻ ነው።

ወረቀቱን አንስታችሁ ግሶቹን ብቻ አንብቡ። ያስተምራል፣ ያዘጋጃል፣ ያርማል፣ ይመዘግባል፣ ይከታተላል፣ ወላጆችን ያነጋግራል፣ ሪፖርት ያቀርባል። ግስ ሞልቷል፤ ቁጥር ግን የለም። በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ? በክፍሉ ስንት ተማሪ? ከክፍል ውጪ ለዝግጅትና ለእርማት ስንት ሰዓት? አንዱም አልተጻፈም። ቁጥር የሌለው ግዴታ ደግሞ መጨረሻ የለውም።

እስቲ እኛው እናስላው። አንድ ክፍል ውስጥ 100 ተማሪ አለ እንበል፤ ይህ ለካምፕ መምህር የተጋነነ ቁጥር አይደለም። በኬንያ የላይኛው አንደኛ ደረጃ አንድ ክፍለ ጊዜ 35 ደቂቃ ነው። ይህ 2,100 ሰከንድ ይሆናል። ለመቶ ሲካፈል ለአንድ ተማሪ 21 ሰከንድ ይደርሰዋል፤ ያውም መምህሩ አንድ ቃል ሳያስተምር፣ አቴንዳንስ ሳይጠራ፣ ሰሌዳ ሳያጠፋ ነው። ታዲያ ወረቀቱ ለእያንዳንዱ ተማሪ እንደ ችሎታው ተገቢውን ትኩረት ይስጥ ሲል፣ በ21 ሰከንድ ነው ወይ ማለቱ?

እርማቱም እንዲሁ ነው። አንድ ደብተር በ2 ደቂቃ ቢታረም፣ 100 ደብተር 200 ደቂቃ፣ ማለትም 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይፈጃል። ሁለት ክፍል ያለው መምህር 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይቀመጣል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ከትምህርት ሰዓት በኋላ፣ መብራት በሌለበት ቤት፣ በእጅ ባትሪ ነው። ወረቀቱ ላይ ግን "ያርማል" የሚል አንድ ቃል ብቻ ሰፍሯል።

ከሁሉ የሚገርመው የመጨረሻው መስመር ነው። አገር ቤት በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው የሥራ መዘርዝር መዝጊያውን በቃሉ ያውቀዋል፦ ሌሎች ተዛማጅ ሥራዎችን ያከናውናል ይላል። እኛ እጅ ባለው የእንግሊዝኛ ወረቀት ላይ ያለው መስመር ግን በአለቃ የሚታዘዙ ሌሎች ሥራዎችን ሁሉ የሚል ነው። "ተዛማጅ" የምትለዋ ቃል የለችም። አንዲት ቃል ናት፤ ነገር ግን አጥሩ እሷ ነበረች። እሷ ስትወጣ መምህሩ በጠዋት የምገባ ተቆጣጣሪ፣ በቀትር የስብሰባ አስተርጓሚ፣ ከሰዓት በኋላ ዴስክ ቆጣሪ፣ ቅዳሜ ደግሞ ከብሎክ ብሎክ እየዞረ ያቋረጡ ተማሪዎችን ፈላጊ ይሆናል። ሥራውን ንቀን አይደለም። ያቋረጠች ልጅን ከቤቷ አነጋግሮ ወደ ክፍል መመለስ ምናልባት በተርሙ ከሠራነው ሁሉ የሚበልጠው ሥራ ነው። ጥያቄያችን፣ ይህ ሥራ ሲታዘዝ ሥራ ከሆነ፣ ሲመዘን ለምን አይቆጠርም? ነው። ወደ ሁለተኛው ወረቀት የሚያሻግረንም ይኸው ጥያቄ ነው።

2. የምዘናው ቅጽ

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ። ከኢትዮጵያ ለመጣን ሰዎች "ግምገማ" የሚለው ቃል ቀላል ቃል አይደለም። ከ1991 በኋላ በመሥሪያ ቤቱና በትምህርት ቤቱ ግምገማ ማለት ሰው በሰው ፊት ተነስቶ የሚተችበት፣ የሥራና የፖለቲካ ጉዳይ የሚደባለቅበት መድረክ ሆኖ ቆይቷል። ስለዚህ አንድ ሱፐርቫይዘር በቅን ልቦና የአፈጻጸም ግምገማ አለ ብሎ ሲያስነግር፣ አንዳንዱ መምህር ከወዲሁ አንገቱን ይደፋል። ለዚህ ነው እኛ "ምዘና" የምንለው። ምዘና ሚዛን አለው፤ ሚዛን ደግሞ ሁለት ሳህን አለው።

የኛ ቅጽ ግን ሳህኑ አንድ ነው። ነጥብ የሚሰጠው ለሰዓት መከበር፣ ለሌሰን ፕላን፣ ለስኪም ኦፍ ዎርክ፣ ለክፍል አያያዝ እና ለተማሪ ውጤት ነው። በሌላው ሳህን ላይ መቀመጥ የነበረበት፣ ማለትም የተማሪው ብዛት፣ የመጽሐፉ እጥረት፣ መምህሩ የተሰጠው ሥልጠናና ከሥልጠናው በኋላ ያገኘው ድጋፍ፣ ቦታ የለውም። አንድ መጽሐፍ ለአምስትና ለስድስት ልጅ እየተካፈለ የንባብ ውጤት ሲወርድ የሚቀነሰው የመምህሩ ነጥብ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉታል ይሄ ነው። በጀቱን መገምገም ስለማይቻል መምህሩ ይገመገማል።

ሁለተኛው ችግር ነጥቡ የትም የማያደርስ መሆኑ ነው። አገር ቤት የመምህራን የደረጃ እድገት መሰላል ነበረ፣ አሁንም አለ፦ ጀማሪ መምህር፣ መለስተኛ መምህር፣ መምህር፣ ከፍተኛ መምህር፣ ተባባሪ መሪ መምህር፣ መሪ መምህር እያለ ይወጣል። መሰላሉ ቅሬታ ሳይኖረው ቀርቶ አይደለም፤ ነገር ግን የተመዘነ ሰው የሚረግጠው እርከን ነበረው። በኬንያም የመምህራን አገልግሎት ኮሚሽን በ2016 ቲፓድ የሚባለውን የምዘና ሥርዓት በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ ሲያውል፣ መምህሩ መጀመሪያ ራሱን ይመዝናል፣ ቀጥሎ ከመዛኙ ጋር ይነጋገራል። የኬንያ መምህራን ማኅበር ያን ሥርዓት አጥብቆ ተቃውሞታል፤ ቢሆንም ማኅበሩ የሚቃወምበት አፍና መድረክ ነበረው። እኛ ከሁለቱም ወንበር የለንም። ከ5 ውስጥ 4 ያገኘና 2 ያገኘ መምህር በሚቀጥለው ወር ያው ኢንሴንቲቭ ነው የሚጠብቃቸው። ልዩነቱ የሚታየው ኮንትራት በሚታደስበት ጊዜ ብቻ ነው። እንግዲህ ወደ ላይ የማያወጣ፣ ወደ ታች ብቻ የሚጥል መሰላል መሰላል ይባላል?

ይህን ያልነው እኛ ብቻ አይደለንም። ዩኔስኮና የዓለም የሥራ ድርጅት የመምህራንን ሁኔታ በተመለከተ ያወጡት ምክረ ሐሳብ ኦክቶበር 5 ቀን 1966 ጸድቋል። የዓለም የመምህራን ቀን በየዓመቱ ኦክቶበር 5 የሚከበረው በዚሁ ምክንያት ነው። ምክረ ሐሳቡ በአንቀጽ 64 የመምህር ሥራ በቀጥታ የሚመዘን ከሆነ ምዘናው ከአድልዎ የጸዳ ይሁን፣ ለመምህሩም ይገለጽለት፣ መምህሩ ተገቢ አይደለም ብሎ ካመነ ይግባኝ የማለት መብት ይኑረው ይላል። በአንቀጽ 124 ደግሞ ደመወዝን ለመወሰን የሚያገለግል የብቃት ምዘና የመምህራን ማኅበራትን ሳያማክሩና ሳያስማሙ ሥራ ላይ መዋል የለበትም ይላል። ምክረ ሐሳብ ነውና አስገዳጅ ሕግ አይደለም። ግን ኦክቶበር 5 ቀን በትምህርት ቤቱ ሜዳ ባነር ሰቅለን ስንዘፍን፣ ባነሩ የተሰቀለለት ሰነድ ምን እንደሚል ማወቅ ይገባናል።

ተማሪዎች ሆይ፣ ይህ ነገር ለእናንተ እንግዳ አይደለም። ፈተና ተፈትናችሁ ወረቀቱ ሳይመለስላችሁ፣ የት እንደተሳሳታችሁ ሳይነገራችሁ፣ ካርዳችሁ ላይ ቁጥር ብቻ ቢጻፍ ምን ትላላችሁ? "ቲቸር ወረቀቴን ልየው" አይደለም የምትሉት? መምህራችሁም የሚለው እሱኑ ነው።

3. የኢንሴንቲቩ ወረቀት

"ኢንሴንቲቭ" በአማርኛ ማበረታቻ ማለት ነው። ማበረታቻ ደግሞ ደመወዝ ላለው ሰው በላዩ የሚጨመር ነገር ነው። ደመወዝ ሳይኖር ማበረታቻ መስጠት እንጀራ ሳይቀርብ ማባያ ብቻ ማቅረብ ነው። ቃሉ ገና ከጅምሩ የጎደለውን ነገር ራሱ ይናገራል።

አነሳሱን እንረዳለን። ካኩማ በ1992 ሲከፈት ሁሉም ነገር ለጊዜው ነበር። ድንኳኑ ለጊዜው፣ ትምህርት ቤቱ ከዛፍ ሥር ለጊዜው፣ መምህሩም ለጊዜው በበጎ ፈቃድ። ነገር ግን ያኔ የተወለደ ልጅ ዛሬ ከሠላሳ ዓመት አልፎታል። ድንኳኑ የጭቃ ቤት ሆኗል፣ ዛፉ የብሎኬት ክፍል ሆኗል፣ ገበያው ከተማ አክሏል። ያልተለወጠው "ለጊዜው" የሚለው ቃል ነው።

አንድ ግቢ ውስጥ አንድ ደወል ይደወላል። በአንደኛው ክፍል ከኬንያ የተቀጠረ መምህር፣ በሚቀጥለው ክፍል ስደተኛ መምህር ይገባል። መጽሐፉ አንድ፣ ሥርዓተ ትምህርቱ አንድ፣ ፈተናው አንድ ነው። ክፍያው ግን ብዙ እጥፍ ይራራቃል። በኬንያውያኑ ባልደረቦቻችን ላይ ቅሬታ የለንም፤ ብዙዎቹ ከቤተሰብ ርቀው፣ ዓመት ዓመት በሚታደስ ኮንትራት የሚሠሩ ናቸው፤ ከነሱም ብዙ ተምረናል። የነሱ ይቀነስ አንልም። የምንለው ልዩነቱ በምን ተለካ ነው። በዲፕሎማ ነው? ከኛ መካከል የመምህርነት ሰርተፊኬት ያለው አለ፣ ዩኒቨርሲቲ ጀምሮ በስደት ያቋረጠ አለ፣ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሶ በቀጥታ ወደ ክፍል የገባ አለ። ልዩነቱ በትምህርት ደረጃ ቢሆን ኖሮ በመካከላችንም ይታይ ነበር። ባየነው ግን ብዙውን ጊዜ ለሁላችንም ያው አንድ ቁጥር ነው።

ለዚህ አሠራር የሚሰጡ ሦስት ምክንያቶችን በቅንነት እንያቸው።

የመጀመሪያው፣ ስደተኛው ራሽንና መጠለያ አለው የሚል ነው። ነገር ግን ራሽን የሚሰጠው በስደተኝነት ነው እንጂ በሥራ አይደለም። ለሠራውም ላልሠራውም የተመደበን ነገር የሠራተኛ ክፍያ አካል አድርጎ መቁጠር ስሌት አይደለም። ያም ሆኖ ራሽኑ ራሱ በ2025 እጅግ ተቀንሶ፣ ቤተሰቦችም በችግራቸው መጠን በምድብ ተከፋፍለዋል። መምህሩ ኢንሴንቲቭ ያገኛል ተብሎ ራሽኑ እንዳይነካ ይሰጋል፤ ራሽን ያገኛል ተብሎ ደግሞ ኢንሴንቲቩ ያንሳል። አንዱ ለአንዱ ምክንያት እየሆነ ሁለቱም ይጎድላል።

ሁለተኛው፣ ስደተኛ የሥራ ፈቃድ የለውም የሚል ነው። በ2006ቱ የኬንያ የስደተኞች ሕግ ዘመን ይህ ክርክር ክብደት ነበረው። በ2021 የወጣውና በ2022 ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ሕግ ግን በአንቀጽ 28 እውቅና ያገኘ ስደተኛ ሙያው በሚመለከተው አካል ከታወቀለት ተቀጥሮ ወይም በሙያው ሊሠራ እንደሚችል ይደነግጋል። ፈቃዱን ማግኘት ረጅም መንገድ መሆኑን እናውቃለን። ሆኖም በሩ ዝግ ነው ማለትና መንገዱ ረጅም ነው ማለት አንድ አይደለም።

ሦስተኛው፣ ድርጅቶች ሠራተኛ እንዳይነጣጠቁ የኢንሴንቲቩ መጠን አንድ ወጥ መሆን አለበት የሚል ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን አንድ ወጥ ሲሆን ወደ ታች ነው የተስተካከለው። መቶ ተማሪ ይዞ ማታ የሚያርም ሰውና ሥራውን በር ላይ ጥሎ የሚሄድ ሰው ተቀራራቢ ኢንሴንቲቭ ካገኙ፣ መምህሩ ውሎ አድሮ ቀለል ወዳለው ሥራ ቢሄድ አይፈረድበትም። የሚጎዳው ግን በተርሙ መካከል መምህር አልባ የሚሆነው ክፍል ነው።

በ2007 የወጣውን የኬንያ የሥራ ቅጥር ሕግ ያነበበ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ያስተውላል። ሕጉ በአንቀጽ 5 እኩል ዋጋ ላለው ሥራ እኩል ክፍያ ይላል። በአንቀጽ 9 ሦስት ወርና ከዚያ በላይ የሚቆይ የሥራ ውል በጽሑፍ ይሁን ይላል። በአንቀጽ 10 በጽሑፍ ከሚገለጹት ነገሮች አንዱ የሥራ መዘርዝር ነው። በአንቀጽ 51 ሥራ ሲቋረጥ የአገልግሎት ማስረጃ ይሰጥ ይላል። ሕጉ የሚናገረው ስለ ሠራተኛና ስለ ደመወዝ ነው። የኛ ወረቀት የሚናገረው ስለ ኢንሴንቲቭ ነው። ክርክሩ ገና በር ላይ የሚጀምረው በዚህች ቃል ምክንያት ነው። ስለዚህ ቃሏ ተራ ስያሜ አይደለችም፤ ዘበኛ ናት።

4. ታዲያ ምን ይደረግ?

ዶላር ከላይ ካልወረደ ምንም አይለወጥም የሚሉ አሉ። በክፍያው ላይ እውነት አላቸው፤ በ2025 የእርዳታ በጀት እንዴት እንደወረደ ሁላችንም በትምህርት ቤታችን አይተነዋል። ነገር ግን ከሦስቱ ወረቀቶች ሁለቱን ለማረም እስክሪብቶ ይበቃል።

አንደኛ፣ በሥራ መዘርዝሩ ላይ ቁጥር ይግባ። የክፍለ ጊዜው ብዛት፣ የተማሪው ብዛት፣ የእርማት ሰዓቱ ይጻፍ። "ተዛማጅ" የምትለዋ ቃልም ወደ ቦታዋ ትመለስ። ክፍያውን ከፍ ማድረግ ካልተቻለ ሥራው በክፍያው ልክ ይገደብ።

ሁለተኛ፣ በምዘናው ቅጽ ላይ ከነጥቡ ጎን መምህሩ የሠራበት ሁኔታ ይመዝገብ። መምህሩ ከመፈረሙ በፊት አስተያየቱን የሚጽፍበት ቦታ፣ ቅር ካለው ደግሞ የሚያመለክትበት ሰው ይታወቅ። ጥሩ ነጥብ ያገኘም ቢያንስ ለሥልጠና ቅድሚያ ያግኝ።

ሦስተኛ፣ እኛ ከሁሉ አብልጠን የምንይዘው፣ የአገልግሎት ማስረጃ ነው። ስምንት ዓመት ያስተማረ ሰው ስምንት ዓመቱን የሚያሳይ ወረቀት ከሌለው፣ ዓመቶቹ እንዳልነበሩ ይቆጠራሉ። በዲሴምበር 2017 የኢጋድ አባል አገሮች ጅቡቲ ላይ የስደተኞችን ትምህርት በየአገራቸው የትምህርት ሥርዓት ውስጥ ለማካተት ቃል ገብተዋል። ኬንያም በማርች 2025 ካምፖችን ወደ ነዋሪ ከተሞች የመለወጥ ዓላማ ያለውን የሺሪካ ዕቅድ ይፋ አድርጋለች። ትምህርት ቤቱ ሲካተት መምህሩስ? ያን ቀን "ምን ማስረጃ አለህ?" መባሉ አይቀርም። ወደ ሦስተኛ አገር የሚሄደውም፣ አገሩ የሚመለሰውም ያው ጥያቄ ይጠብቀዋል። የትኛውን ክፍል፣ የትኛውን ትምህርት፣ ከመቼ እስከ መቼ እንዳስተማረ የሚገልጽ አንድ ገጽና አንድ ማኅተም የማንንም በጀት አያናጋም።

አራተኛ፣ ክፍያውን በተመለከተ የደረጃ ሰንጠረዥ ይውጣና በግልጽ ይለጠፍ። ትንሽም ቢሆን በትምህርትና በአገልግሎት የሚያድግ እርከን ይኑረው። ጠባብ እርከን ቢሆን እንኳ ጨርሶ ከሌለው ይሻላል።

ለእኛ ለመምህራንም የምንለው አለ። አንዳንድ ባልደረቦች "ለዚች ኢንሴንቲቭ ማን ይለፋል" ብለው ክፍለ ጊዜ ሲዘሉ እናያለን። ብሶቱን እንረዳለን፣ አድራሻውን ግን አንቀበልም። ፊት ለፊታችን የተቀመጠው ልጅ የኢንሴንቲቩን ወረቀት አልጻፈም። ክፍል በመዝለል የሚቀጣ ቢኖር እሱ ብቻ ነው፤ ያም አልበቃ ብሎ፣ የዘለልነው ክፍለ ጊዜ ቅጹ ያለ ምክንያት አልተጻፈም ለሚል ሰው መልስ ይሆነዋል። ይልቅ የፈረምንበትን ሁሉ ኮፒ እንያዝ። በየተርሙ ስንት ተማሪ እንዳስተማርን፣ ስንት ክፍለ ጊዜ እንደገባን፣ ከክፍል ውጪ ምን እንደሠራን በደብተር እንመዝግብ። ሳናነብ አንፈርም። ያልገባን የእንግሊዝኛ መስመር ካለ ይተርጎምልን እንበል፤ መጠየቅ ነውር አይደለም፣ ለተማሪዎቻችንም የምናስተምረው እሱኑ ነው።

ለቢሮዎቹ ደግሞ በአክብሮት እንላለን፦ ሦስቱን ወረቀቶች አንድ ቀን አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። የሚጽፏቸው ሰዎች በተለያየ ክፍል የሚቀመጡ ይመስለናል፤ የሰው ኃይሉ አንዱን፣ ትምህርቱ አንዱን፣ ፋይናንሱ አንዱን። እኛ ግን ሦስቱንም የምንፈርመው በአንድ እጅ ነው።

በዚህ ሂስ ላይ የሚጨምር፣ የሚቃወምም መምህር ወይም ተማሪ ካለ ለሚቀጥለው እትም ጽፎ ለሄድ ቲቸሩ ይስጥ።